ጣቶቻችን ፒያኖ ላይ ለምን አንድ ፍጥነት ላይ ደርሰው ይቆማሉ?

ቀኝ እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉና በሌባ ጣታችሁ ብቻ፣ በቻላችሁት ፍጥነት፣ ለአሥር ሰከንድ አንኳኩ። አብዛኛው ሰው በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይመታል። ወደ መጨረሻው ላይ ክንዳችሁ ከክርን በታች እንደ እንጨት መድረቅ ሲጀምርም ይሰማችኋል። አሁን ደግሞ ሌላ ሙከራ፦ ወረፋ ረዝሞበት ጠረጴዛ እንደሚደበድብ ሰው፣ ከትንሿ ጣት ጀምራችሁ እስከ አውራ ጣት ድረስ «ትርርም» አድርጉ። አምስት ምት ከሩብ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ አለቀ። በሰከንድ ሲሰላ 20 ምት መሆኑ ነው። ለዚህ ልምምድ አላስፈለጋችሁም፤ ክንዳችሁም አልደረቀም።

እንግዲህ «ጣቴ ቀርፋፋ ነው» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ወደቀ። ጣታችሁ ፈጣን ነው። ያም ሆኖ ፒያኖ የሚለማመድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግድግዳ አለ። ሜትሮኖሙን 80 ላይ አድርጋችሁ፣ በአንድ ምት አራት ኖታ እያላችሁ አንድ ስኬል ስትጫወቱ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። 90 ትላላችሁ፣ 100 ትላላችሁ። 112 ላይ ስትደርሱ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ክንድ ይደርቃል፣ ኖታዎቹ እርስ በርስ ይደነቃቀፋሉ። በማግስቱም ከ80 ተነስታችሁ እዚያው 112 ላይ ትቆማላችሁ። ወር ያልፋል። «ጠንክሩ፣ ደጋግሙ» የሚለው ምክር እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ እንዲያውም የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ለምን እንደሆነ ለማየት ሁለት ማሽኖችን መክፈት ያስፈልገናል፦ ፒያኖውንና ክንዳችንን። እኔ የምህንድስና ሰው ነኝና ከእንጨቱና ከብረቱ ብጀምር ይቀለኛል።

ሥራው የሚያልቀው ቁልፉ ታች ሳይደርስ ነው

ፒያኖን የፈለሰፈው ጣሊያናዊው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ፣ ፍሎረንስ ከተማ። የገጠመውን ችግር አስቡት። ቁልፍ ሲጫን መዶሻ ተነስቶ አውታር እንዲመታ ይፈልጋል። ነገር ግን ጣታችን ቁልፉን ይዞ እስከቆየ ድረስ መዶሻውም አውታሩ ላይ ተጣብቆ ከቆየ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ክሪስቶፎሪ መዶሻው አውታሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቁልፉ የሚለያይበትን ዘዴ ሠራ። የዛሬው ፒያኖም በዚሁ መርህ ነው የሚሠራው። መዶሻው የመጨረሻዋን ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ማንም ሳይገፋው በራሱ ይበራል፤ ልክ ከእግር እንደወጣ ኳስ።

ፒያኖ የምታገኙ ከሆነ ይህን በጣታችሁ መዳሰስ ትችላላችሁ። አንድ ቁልፍ በጣም በዝግታ፣ ምንም ድምፅ እንዳይወጣ አድርጋችሁ ተጫኑ። ቁልፉ በጠቅላላ የሚወርደው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ታች ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ትንሽ እንቅፋት የምትመስል ነገር ትሰማችኋለች። መዶሻው የሚለቀቀው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ከዚያች ነጥብ በኋላ የምትጨምሩት ግፊት በሙሉ፣ አሥር ኪሎም ቢሆን፣ ድምፁን በቅንጣት አይለውጠውም። ኳሱ ሄዷል።

ቁልፉን ለማውረድ የሚያስፈልገው ክብደትስ ስንት ነው? 50 ግራም ገደማ፤ የአንድ እንቁላል ክብደት በሉት። አንድ ሙሉ ክንድ ከእነ እጁ የሰውነት ክብደት 5 በመቶ ያህል ስለሚሆን፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ክንዱ 3 ኪሎ ገደማ ነው። የስልሳ እንቁላል ክብደት ትከሻችሁ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አንድ እንቁላል ለማውረድ መግፋት አያስፈልግም። ሆኖም አብዛኞቻችን፣ በተለይ ስንፈጥን፣ ድምፁ ከወጣ በኋላም ቁልፉን ወለሉ ላይ እንጨፈልቀዋለን።

ሞተሩ ጣት ውስጥ የለም

ግራ እጃችሁን የቀኝ ክንዳችሁ ላይ፣ ክርናችሁ አጠገብ አድርጉና የቀኝ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። ከቆዳው ስር የሚርመሰመሰው ነገር ጣቶቻችሁን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ነው። ጣት ራሱ ውስጥ የሚያጥፈውም የሚዘረጋውም ጡንቻ የለም። ትናንሾቹ መዳፍ ውስጥ ናቸው፤ ዋናዎቹ ክንድ ላይ ናቸው። ኃይሉ የሚተላለፈው በጅማት ነው፤ የብስክሌት ፍሬን እጀታው ላይ ተጨብጦ ጎማው ጋ እንደሚይዘው ማለት ነው። ጣት የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ትልቅ ነርቭ የእጅ አንጓ ውስጥ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ተጠጋግተው ያልፋሉ። አንጓችሁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በጣም ስታጥፉት እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። የወንበር ከፍታ ጉዳይ ጌጥ ያልሆነው ለዚህ ነው። ክንድ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሲሆን አንጓው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ጅማቶቹም ሳይፋተጉ ይንሸራተታሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣት ጥንድ ተቃራኒ ጡንቻዎች አሉት፤ አንዱ ያጥፋል፣ ሌላው ይዘረጋል። ጣት በነፃነት እንዲሄድ አንዱ ሲስብ ሌላው መላቀቅ አለበት። ሁለቱም በአንድ ላይ ከሳቡ ጣቱ ፍሬን እንደተያዘበት መኪና ይሆናል፤ ሞተሩ ያጓራል፣ ነዳጅ ይቃጠላል፣ መኪናው ግን ፈቀቅ አይልም። «ክንዴ ደረቀ» የምንለው ይህንኑ ነው።

ለምን ታዲያ ስንፈጥን ብቻ? ጡንቻ ለመኮማተር ከሚፈጅበት ጊዜ ይልቅ ለመላቀቅ የሚፈጅበት ስለሚረዝም ነው። ቀስ ብላችሁ ስትጫወቱ፣ የአንዱ ምት ውጥረት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ የሚቀጥለው አይመጣም። በሰከንድ 10 ኖታ ላይ ግን ለአንድ ኖታ ያላችሁ 100 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። የፊተኛው ሳይለቅ የኋለኛው ይደረብበታል። ከታች ቀዳዳ ያለው ባልዲ አስቡ፤ ውሃው በዝግታ ሲንጠባጠብ ባልዲው ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ከሚፈስሰው በላይ ሲገባበት ግን ቀስ በቀስ ይሞላል። 112 ላይ የሚገትራችሁ ግድግዳ የሞላ ባልዲ ነው። ደካማ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ስላለቀቃችሁ ነው። በነገራችን ላይ፣ ቁልፉን ወለሉ ላይ መጨፍለቅ ባልዲው ውስጥ ተጨማሪ ውሃ ማፍሰስ ነው።

አራት እጥፍ

አንድ ትንሽ ስሌት ታገሡኝ። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ናት።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ማንኛውም ነገር በየዙሩ መነሳት፣ መፍጠን፣ መቆምና መመለስ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል ከጉዞው ርዝመት ጋር እኩል ያድጋል፤ ከድግግሞሹ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ጣታችሁ የሚጓዘውን ርቀት ሳትቀንሱ ፍጥነታችሁን እጥፍ ብታደርጉ፣ ጡንቻችሁ ማውጣት ያለበት ኃይል እጥፍ አይሆንም። አራት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ለማምለጥ ያለው መንገድ ርቀቱን መቀነስ ነው። በዝግታ ስትጫወቱ ጣታችሁን ከቁልፉ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ታደርጋላችሁ እንበል። ቁልፉ የሚወርድበትን 1 ሴንቲ ሜትር ስንጨምር 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፍጥነታችሁን እጥፍ አድርጋችሁ ኃይሉ እንዳይጨምር ከፈለጋችሁ፣ ርቀቱ ለአራት መካፈል አለበት፦ 1 ሴንቲ ሜትር። ያ ደግሞ ቁልፉ ራሱ የሚወርድበት ልክ ነው! በሌላ አነጋገር ጣታችሁ ከቁልፉ ገጽ ጨርሶ መነሳት የለበትም። ጣት እንደ ስሌቱ ፍጹም የሆነ መወዛወዣ አይደለም፤ ነገር ግን መጠኑ የሚያሳየው አቅጣጫ እውነት ነው። ጥሩ ፒያኖ ተጫዋች ሲፈጥን እጁ «ምንም የማያደርግ» የሚመስለን ለዚህ ነው።

ሻርል ሉዊ ሃኖን እ.ኤ.አ. በ1873 ያሳተመው የ60 ልምምዶች መጽሐፍ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ጀማሪዎች እጅ ላይ አለ። ጣቶች ከፍ ብለው እንዲነሱ ይመክራል። በእኔ አስተያየት ኖታዎቹ ምንም አይሉም፤ ምክሩ ግን በፍጥነት ለሚጫወት ሰው የተገላቢጦሽ ነው።

ከ1 ሴንቲ ሜትርስ ማነስ ይቻላል? በግራንድ ፒያኖ ላይ አዎ። ፈረንሳይ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሴባስቲያን ኤራር እ.ኤ.አ. በ1821 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ዘዴ ቁልፉ እስከ ላይ ሳይመለስ ያንኑ ኖታ ደግሞ ለመምታት ያስችላል። ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ፒያኖ ግን ይህ ዘዴ ስለሌለው ቁልፉ የበለጠ ወደ ላይ መመለስ አለበት። አንድ ኖታ በፍጥነት መደጋገም እዚያ ላይ ከከበዳችሁ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም።

ዘና ማለት መልፈስፈስ አይደለም

«ዘና በል፣ ዘና በይ» የሚለው ትእዛዝ ግን ራሱ ጣጣ አለው። ክንዳችሁን በእውነት ሙሉ በሙሉ ብትለቁት ከፒያኖው ላይ ወርዶ ጭናችሁ ላይ ያርፋል። በአሜሪካ ባልቲሞር የፒቦዲ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይመራ የነበረው ኦቶ ኦርትማን የተጫዋቾችን እንቅስቃሴ በመሣሪያ እየለካ እ.ኤ.አ. በ1929 ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። በዘመኑ የነበረው ፋሽን «ሁሉን ልቀቅ» የሚል ነበር። የኦርትማን ሥራ ግን ክንድን ለመሸከምና መጋጠሚያዎቹን ለማረጋጋት ሁልጊዜም የተወሰነ ውጥረት እንደሚያስፈልግ አሳየ። ስለዚህ የምንፈልገው ዜሮ ውጥረት አይደለም። የምንፈልገው በሚያስፈልግበት ቅጽበት መጥቶ ወዲያው የሚሄድ ውጥረት ነው።

ያንን እንዴት እንለማመደው?

መጀመሪያ አንድ ኖታ ብቻ። መሃል ጣታችሁን ቁልፉ ላይ አሳርፋችሁ ምቱ፤ ድምፁ እንደወጣ ቁልፉ እንዳይነሳ የሚበቃውን ክብደት ብቻ ተዉና ሌላውን ልቀቁ። በሌላው እጃችሁ አንጓችሁን ከስር ነካ አድርጉት። እንደ ጀልባ ከተወዛወዘ ለቅቃችኋል። ከደረቀ አለቀቃችሁም፤ ድገሙት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አምስት ደቂቃ ነው።

ሩጫ የፈጠነ እርምጃ አይደለም

አሁን ሜትሮኖሙን በአንድ አንድ ከፍ እያደረጉ መሄድ ለምን እንደማይበቃ እንይ። በእግር ስትሄዱ ፍጥነታችሁን እየጨመራችሁ ብትቀጥሉ፣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሰውነታችሁ ሳይጠይቃችሁ ወደ ሩጫ ይቀየራል። ሩጫ ሌላ እንቅስቃሴ ነው፤ ሁለቱም እግር በአየር ላይ የሚሆንበት ቅጽበት አለው። እርምጃን ብቻ ሺህ ጊዜ የተለማመደ ሰው ሯጭ አይሆንም። ፒያኖም ላይ እንደዚያው ነው። በዝግታ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ እናዛለን፤ በፍጥነት ግን ያ አይቻልም።

ለምን አይቻልም? ድምፅ ሰምቶ በጣት ምላሽ ለመስጠት ቢያንስ 150 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በሰከንድ 10 ኖታ ላይ ስህተታችሁን ሰምታችሁ ለማረም ስትነሱ ቀጣዩ ኖታ አልፏል። ካርል ላሽሊ የተባለው አሜሪካዊ የአንጎል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ይህንኑ ነጥብ አንስቷል፤ የሙዚቀኛ ጣት በሰከንድ 16 ምት ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚህ አንዱ ምት ሌላውን እየቀሰቀሰ ነው የሚሄደው ማለት አይቻልም አለ። አንጎል ቡድኑን አስቀድሞ አዘጋጅቶ በአንድ ትእዛዝ ነው የሚልከው። ጠረጴዛው ላይ «ትርርም» ያላችሁት አምስት ትእዛዝ አልነበረም። አንድ ነበር።

እንግዲህ ያቺን «ትርርም» ወደ ፒያኖ እናምጣት። ከሚከብዳችሁ ቦታ ሁለት ኖታ ውሰዱ። በምትፈልጉት የመጨረሻ ፍጥነት፣ እንደ አንድ ምት አድርጋችሁ ምቷቸው፤ ሁለተኛዋ ላይ ቁሙ። እዚያ መቆም ነው ቁም ነገሩ፦ አንጓ ይወዛወዛል? ትከሻ ወርዷል? ባልዲው ባዶ እስኪሆን አትቀጥሉ። ከዚያ ሦስት ኖታ፣ ከዚያ አራት። ቀጥሎ ሌላ አራት ያዙ፤ የመጀመሪያው ቡድን የመጨረሻ ኖታ የሁለተኛው መነሻ እንዲሆን አድርጉ። ሁለቱ ቡድኖች ለየብቻ ከቀለሉ በኋላ በመካከላቸው ያለውን ማረፊያ አሳጥሩ። ፍጥነቱ ገና ከመጀመሪያው አለ፤ የምታሳጥሩት ማረፊያውን ነው።

ይህ ማለት የዝግታ ልምምድ ይቅር ማለት አይደለም። የትኛው ጣት የት እንደሚሄድ የምንማረው በዝግታ ነው፤ ያንን የዘለለ ሰው ስህተትን ነው የሚያፋጥነው። ነገር ግን በዝግታ ስትጫወቱም ጣታችሁ ከቁልፉ አይራቅ፣ ምቱም ፈጣን ይሁን፤ ረጅም የሚሆነው በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ያልሆነላችሁን ቡድን ማታ አሥር ጊዜ ሞክራችሁ ተኙ። የጣት ቅደም ተከተል ትምህርት ከእንቅልፍ በኋላ ያለ ተጨማሪ ልምምድ እንደሚሻሻል በተደጋጋሚ በሙከራ ታይቷል።

አውራ ጣትና የቀለበት ጣት

ስኬል ስንጫወት በብዛት የምንሰናከለው አውራ ጣት ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ አውራ ጣቱን ከመዳፉ ስር እንዲያሳልፍ ይማራል። በዝግታ ጥሩ ነው። በፍጥነት ግን አውራ ጣት እስከ ጥግ ተጣጥፎ መመላለሱ ክንድን ያጠነክራል። ሲፈጥኑ መሥራት ያለበት ክንድ ነው፤ እጁን በሙሉ ወደ ጎን በትንሹ ያሻግረዋል፣ አውራ ጣትም ከጎን ብቻ ያርፋል። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የምትፈጠረው ክፍተት በፍጥነቱ ውስጥ ለጆሮ አትታወቅም።

ሾፓን ተማሪዎቹን ከሲ ሜጀር አላስጀመረም። ነጭ ቁልፎች ብቻ ስላሉት ለማንበብ የሚቀለው ስኬል ለእጅ የሚከብደው እሱ ነው ይል ነበር። እጅ በተፈጥሮ እንዲያርፍ የመረጠው ቦታ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ሻርፕ፣ ቢ ነው። አጫጭሮቹ አውራና ትንሿ ጣት ነጩ ላይ፣ ረጃጅሞቹ ሦስቱ ከፍ ያሉት ጥቁሮች ላይ። ሞክሩት፤ እጃችሁ ማንም ሳያዘው ክብ ይሆናል። ስኬል ስትጀምሩም ከቢ ሜጀር ጀምሩ።

የቀለበት ጣት ሌላ ታሪክ ነው። መሃል ጣታችሁን አጥፋችሁ መዳፋችሁ ስር ክተቱና ሌሎቹን ጣቶች ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። አሁን የቀለበት ጣታችሁን አንሱ። አልተነሳም፣ አይደል? ሌባ ጣትና ትንሿ ጣት ከጋራው ጡንቻ በተጨማሪ የየራሳቸው መዘርጊያ ጡንቻ አላቸው፤ የቀለበት ጣት ግን የለውም፣ ጅማቱም ከጎረቤቶቹ ጋር በማገናኛ የተሳሰረ ነው። በልምምድ የሚበጠስ ማሰሪያ አይደለም። ጀርመናዊው ሮበርት ሹማን ወጣት ሳለ ጣቱን ለማጠንከር ሜካኒካል መሣሪያ ይጠቀም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1832 ገደማ፣ በ22 ዓመቱ፣ የቀኝ እጁ ጉዳት የፒያኖ ተጫዋችነት ተስፋውን ዘጋበት። የጉዳቱን ምክንያት ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ ማድረግ ያለብን ግን ግልጽ ነው፦ የቀለበት ጣት ሲመታ ክንዱን ወደ እሱ በትንሹ አዘንብሉለት፤ ብቻውን እንዲታገል አትተዉት።

ሲያምም

ቁርጥማት፣ መደንዘዝ፣ የመርፌ መውጊያ የሚመስል ስሜት፣ ወይም በማግስቱም ያልለቀቀ ሕመም ካለ ልምምዱን አቁሙ፤ ካልተሻላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። «ያመመው እየጠነከረ ስለሆነ ነው» የሚሏችሁን አትስሙ። አሜሪካዊው ሊዮን ፍላይሸር በዓለም ካሉት ምርጥ ፒያኖ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964፣ በ36 ዓመቱ፣ የቀኝ እጁ የቀለበትና ትንሿ ጣት ሳያዛቸው ወደ ውስጥ ይታጠፉ ጀመር። በሽታው ዲስቶኒያ ይባላል፤ አንጎል ለጣቶቹ የሚልከው ትእዛዝ የሚዛባበት ነው። ለሠላሳ ዓመት ገደማ ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ሥራዎችን ሲጫወት፣ ሲያስተምርና ኦርኬስትራ ሲመራ ኖረ፤ በ1990ዎቹ ሕክምና አግኝቶ ነው በሁለት እጁ ወደ መድረክ የተመለሰው። ከዚያ በኋላ ወጣቶችን ሲያገኝ ሕመም እያለ መለማመድን አጥብቆ ያስጠነቅቅ ነበር።

ፒያኖ ለሌላችሁ

እኛ አገር አብዛኛው ጀማሪ የሚያገኘው ፒያኖ ሳይሆን ኪቦርድ ነው። የርካሹ ኪቦርድ ቁልፍ ስፕሪንግ አለው፤ እየወረደ ሲሄድ ይበልጥ ይገፋችኋል፤ መዶሻ የሚለቀቅባት ያቺ እንቅፋትም የለችም። ስለዚህ መጨፍለቅ በቀላሉ ይለመዳል። ነገር ግን አመታቱን የሚለይ ኪቦርድ ከሆነ፣ ከቁልፉ ስር ያሉት ሁለት መገናኛዎች የሚለኩት አንደኛው ከተነካ በኋላ ሁለተኛው እስኪነካ ያለውን ጊዜ ነው። አብዛኞቹ ቁልፉ ታች ከደረሰ በኋላ የምትጨምሩትን ኃይል ጨርሶ አይሰሙትም። የድምፁን መጠን በጣም ከፍ አድርጉትና በለሆሳስ ብቻ ተጫወቱ፤ ትንሽ ስትጨፈልቁ ጆሯችሁን ያስበረግጋችኋል። ጎረቤት እንዳይቆጣ ማዳመጫ ሰኩ።